የሙዚቃ ቴራፒስት 100 ክሬዲት፦ በምን ይሞላል፣ እንዴትስ ይያዛል?

አሜሪካ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ «ኤምቲ-ቢሲ» ብሎ የሚጽፍ ሙዚቃ ቴራፒስት ይህን ማዕርግ በየ5 ዓመቱ ማደስ አለበት። ማዕርጉን የሚሰጠውም የሚያድሰውም በ1983 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቋቋመው የሙዚቃ ቴራፒስቶች ምስክር ወረቀት ቦርድ (ሲቢኤምቲ) ነው። ለማደስ በ5 ዓመቱ ዑደት ውስጥ 100 የተከታታይ ትምህርት ክሬዲት መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ይህን የማይፈልግ የቦርዱን ፈተና እንደገና ተቀምጦ ማለፍ ይችላል። ከ100ው ቢያንስ 3ቱ በሙያ ሥነ ምግባር ላይ የተወሰዱ መሆን አለባቸው። አንድ ክሬዲት የ50 ደቂቃ ትምህርት ስለሆነ ጠቅላላው ከ83 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል።

በ5 ዓመት 83 ሰዓት ማንንም አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው አሞላሉ ነው። አራት ዓመት ዝም ተብሎ በአምስተኛው ዓመት እኩለ ሌሊት ላይ ርካሽ የተቀረጹ ትምህርቶች በፍጥነት ይታያሉ፣ ፈተናው ይሞላል፣ ሰርተፊኬቱ ይወርዳል። ቁጥሩ ይሟላል፤ ማክሰኞ ጠዋት ታካሚው ፊት ሲቀመጡ ግን የሚሠራው ያው የዛሬ አምስት ዓመቱ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቁጥሩንም ሥራውንም አንድ ላይ ለማስኬድ ነው።

ከካታሎጉ በፊት የራሳችሁን መዝገብ ክፈቱ

የኮርስ ዝርዝር ከማየታችሁ በፊት ያለፉትን 3 ወራት የክፍለ ጊዜ ማስታወሻዎች አውጡና አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ የተገልጋዩ ዓይነት፣ የተቀመጠው ግብ፣ የተጠቀማችሁበት ዘዴ፣ የቆማችሁበት ቦታ። ስም አትጻፉ፤ «ስትሮክ፣ ቀኝ ጎን፣ አረማመድ» ይበቃል። ከ20 እስከ 30 መስመር ስትሞሉ ነገሩ ራሱ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ግቡ እየተለያየ ዘዴው አንድ መሆኑ ነው፤ ለንግግርም፣ ለእንቅስቃሴም፣ ለጭንቀትም ያው የሰላምታ መዝሙርና ያው ከበሮ።

ከዚያ ሁለት ክፍተት ብቻ ምረጡ፤ አንዱ የሕክምና፣ ሌላው የሙዚቃ ይሁን። የሙዚቃውን የሚረሳው ሰው ይበዛል። ጊታር በሦስት ቁልፍ ብቻ የሚጫወት፣ ዘፈን ወደ ታች ማውረድ ሲጠየቅ የሚደናገር፣ ከሰዓት በኋላ ድምፁ የሚዘጋ ቴራፒስት ስለ አንጎል አሥር ትምህርት ቢከታተል እጁና ጉሮሮው ያው ነው። አንድ ምሳሌ ብንጠቅስ፣ በመዝሙር መጽሐፍ ላይ የታተመው ቁልፍ ለአረጋውያን ሴቶች በአብዛኛው ከፍ ይላል። ከመሐል ዶ በታች ካለው ላ ተነስቶ አንድ ስምንትዮሽ የሚሸፍን ዜማ ይመቻቸዋል፤ ስለዚህ 3 ወይም 4 ግማሽ ድምፅ ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሳያቅማማ ማድረግ የማይችል ሰው የመጀመሪያ ሥራው የቁልፍ ሽግግር ልምምድ ነው፣ ክሬዲት ባያስገኝም።

100ውን መከፋፈል

የሚሠራ አከፋፈል ይህን ይመስላል። 30 ያህሉን ለአንድ ጥልቅ ሥልጠና አውሉ። 24 ያህሉን ለሁለት ኮንፈረንሶች መድቡ፤ የአሜሪካ ሙዚቃ ቴራፒ ማኅበር (ኤኤምቲኤ) ብሔራዊም ክልላዊም ጉባኤዎች ያዘጋጃል፣ ከክልላዊው መጀመር ለኪስም ለትውውቅም ይሻላል። 25ቱን ከመረጣችኋቸው ሁለት ክፍተቶች ጋር ለሚሄዱ አጫጭር ኮርሶች። 6ቱን ለሥነ ምግባር፤ 3 ብቻ ይዞ አንዱ ውድቅ ቢሆን ዑደቱ ይበላሻልና። የቀረው 15 መጠባበቂያ ነው፤ ሥራ ስትቀይሩ ወይም አዲስ ዓይነት ታካሚ ሲመጣ ይፈለጋል።

በዓመት ሲታይ 25፣ 25፣ 20፣ 20፣ 10 ብላችሁ ያዙት። የመጨረሻው ዓመት ቀላል የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ሕመም፣ ወሊድ፣ የቤት ለውጥ የሚመጣው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ከ100 በላይ ብትሰበስቡ ትርፉ ወደሚቀጥለው ዑደት ይተላለፋል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ትምህርቱ ከቦርዱ ፈቃድ ካለው አዘጋጅ ከሆነ ጉዳዩ ያልቃል። ፈቃድ ከሌለው አዘጋጅ የመጣ ጥሩ ነገርም አለ፤ የፊዚዮቴራፒስቶች የመውደቅ መከላከያ ሥልጠና፣ የነርሶች የመርሳት በሽታ አያያዝ ትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ። እንዲህ ያለው ስንት እንደሚያስቆጥርና ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ የዑደታችሁን የእድሳት መመሪያ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። የትምህርቱን ፕሮግራም በሙሉ አስቀምጡ፤ ከቦርዱ የሙያ ዘርፎች ዝርዝር ጋር በየትኛው ነጥብ እንደሚገናኝም በሁለት ዓረፍተ ነገር እዚያው ጻፉበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ማስታወስ አይቻልም።

ጥልቁን ሥልጠና መምረጥ

የምትሠሩት ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን ወይም የአንጎል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ጋር ከሆነ ኒውሮሎጂክ ሙዚቃ ቴራፒ ግልጽ ምርጫ ነው። በማይክል ታውትና ባልደረቦቹ የተደራጀ ሲሆን ለእንቅስቃሴ፣ ለንግግርና ለአስተሳሰብ የተከፋፈሉ 20 የተወሰኑ ዘዴዎች አሉት። ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ለሚፈልግ ሰው ይስማማል፤ በነጻ ፈጠራ ለሚሠራ ሰው ሊጠበው ይችላል።

ከልጆች ጋር በድንገተኛ ፈጠራ ለሚሠራ፣ ፖል ኖርዶፍና ክላይቭ ሮቢንስ በ1959 አብረው የጀመሩት መንገድ አለ። እሱ የሚጠይቀው ከሁሉ በፊት ጠንካራ የፒያኖ ወይም የጊታር እጅ ነው፤ ያንን ሳይዙ መግባት ድካም ነው። ሄለን ቦኒ በ1970ዎቹ ባልቲሞር አካባቢ ያዳበረችው በሙዚቃ የሚመራ ምናብ ደግሞ በደረጃ የሚሄድ፣ ሱፐርቪዥንና (ሥራን ለሌላ ባለሙያ አሳይቶ አስተያየት መቀበልና) የራስን ልምድ የሚጠይቅ የዓመታት ጉዞ ነው። ለአንድ ዑደት ክሬዲት ተብሎ የሚጀመር አይደለም።

ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ክፍል ልዩ ሥልጠና ሳይወስዱ መግባት ፈጽሞ አይገባም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የክፍሉ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህ ከመደበኛ ጭውውት ያነሰ ነው። ጊታር በክር መምቻ መምታት ብቻውን ያልፈዋል። ሕፃኑ ጣቶቹን ሲዘረጋ፣ ስቅታ ሲይዘው፣ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም መዳፉን እንደ «በቃ» ሲያነሳ ሙዚቃው ይቆማል። እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የሚለመደው በአልጋው አጠገብ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቆሞ ነው፤ ስለዚህ የተግባር ቀን የሌለውን የዚህ ዘርፍ ኮርስ ተውት።

ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁ፦ ስንት ሰዓቱ ተግባር ነው? ተሳታፊው ሲሠራ ታይቶ አስተያየት ይሰጠዋል? ከትምህርቱ በኋላ ጥያቄ የሚቀበል ሰው አለ? ሦስቱም «የለም» ከሆነ መጽሐፍ መግዛት ይረክሳል።

አንድ ዘዴ ወደ ሥራ ማምጣት፦ የአረማመድ ምት

ትምህርት ገባ የሚባለው በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ሲለወጥ ነው። ከኒውሮሎጂክ ሙዚቃ ቴራፒ ዘዴዎች አንዱ የሆነውን በምት አረማመድ ማስተካከልን እንውሰድ። ይህ ጽሑፍ ሥልጠናውን አይተካም፤ ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው የት እንደሚስት ለማሳየት ግን ይመቻል።

ፊዚዮቴራፒስቱ አጠገባችሁ ይቁም፣ ታካሚው የመደገፊያ ቀበቶ ይታጠቅ። 10 ሜትር ምልክት አድርጉና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 2 ሜትር ተዉ፤ መሐሉን 6 ሜትር በሰከንድ ለኩ፣ እርምጃውንም ቁጠሩ። 6 ሜትሩን በ10 ሰከንድ፣ በ14 እርምጃ ከሄደ ፍጥነቱ በደቂቃ 36 ሜትር፣ ምቱ በደቂቃ 84 እርምጃ ነው። የግራና የቀኝ ጥንድ እርምጃ ርዝመት 36 ለ42 (ለ84 ግማሽ) ሲካፈል 0.86 ሜትር ያህል ይመጣል። ሦስቱን ቁጥር ጻፉ፤ ነገ የሚወዳደረው ከእነሱ ጋር ነው።

ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን መሣሪያ) በ84 ክፈቱ። አዎ፣ ታካሚው አሁን በሚሄድበት ልክ። መጀመሪያ የሚፈለገው መገጣጠም ነው፤ ፍጥነት በኋላ ይመጣል። እግሩ ከምቱ ጋር ሲስማማና አካሄዱ ሲረጋ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ፤ ከ84 ተነስቶ 88 እስከ 92 ማለት ነው። እርምጃው እያጠረ ፍጥነቱ ብቻ ከጨመረ ጨምራችሁ አበዛችሁ፤ ተመለሱ። በመጨረሻ እየሄደ ሳለ ሙዚቃውን ቀስ በቀስ አጥፉና ምቱ እግሩ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ እዩ። ይህን የማጥፋት ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ታካሚው ግን ቤቱ ሲገባ ጊታር የሚመታለት የለም።

ሌላው ስህተት የዘፈኑን ፍጥነት ለታካሚው ማልበስ ነው። ዘፈኑ 120 ስለሆነ ሰውየው በ120 አይሄድም። በ3/4 የተጻፈ ዘፈንም ጠንካራውን ምት አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግር ላይ እየጣለ ያምታታል፤ በ2/4 ወይም በ4/4 ያለ ይሻላል። የኛ ችክችካ በ6/8 ስለሚቆጠር አይሆንም የሚል አለ፤ ይሆናል። ስድስቱ ፈጣን ምቶች በሁለት ትልልቅ ምት ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት አንድ እርምጃ ይይዛል። ከበሮው ሁለቱን ትልልቅ ምቶች አጉልቶ መምታት አለበት፤ በትንንሾቹ ከተጌጠ ግን ታካሚው የቱን እንደሚረግጥ ይጠፋዋል።

የሚያውቁትን ዜማ በሚያውቁት ቋንቋ

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራ ቴራፒስት አማርኛ የሚናገሩ አረጋውያንን ማግኘቱ አይቀርም፤ ለዚህ የሚያዘጋጅ ኮርስ ግን በካታሎግ አይገኝም። የራስ ጥናት ነው።

የመርሳት በሽታ ላለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠልቆ የሚቀረው ከልጅነት ማብቂያ እስከ ጎልማሳነት መጀመሪያ የሰማው ነው። በ1945 የተወለደ ሰው ከሆነ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የነበረውን ሙዚቃ ፈልጉ። ቤተሰቡን ስትጠይቁ «ምን ይወዳል?» አትበሉ፤ «ሠርጋቸው ላይ ምን ተዘፈነ? ቤት ውስጥ ሬዲዮ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር?» በሉ። በዐቢይ ጾም ዘፈን የማይሰሙ እናት ሊኖሩ ይችላሉ፤ በዚያን ሰሞን መዝሙር ይዛችሁ ግቡ፣ ወይም ጠይቃችሁ ዜማውን ብቻ ያለ ቃል ተጫወቱ።

ሙዚቃው ላይ የሚሳሳተው የሠለጠነ ጊታር ተጫዋች ነው። ሜጀሩ ትዝታ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። የለመዱት የዶ፣ የፋ፣ የሶል ኮርድ ዙር ግን ሁለቱንም ይዞ ይገባል፤ ፋ በፋ ኮርድ፣ ሲ በሶል ኮርድ። አረጋዊው «ልክ አይደለም» ብለው ላይናገሩ ይችላሉ፤ ዝም ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዶና ሶልን ብቻ እንደ ጉምጉምታ በታች ያዙ፣ ዜማውን በላይ ዘምሩ። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው፤ እዚያም ዶና ሶል መያዝ ያስኬዳል። አንቺሆዬ ላይ ግን ሶሉ ራሱ ዝቅ ስለሚል ዶን ብቻ ያዙ። አራቱን ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ) በየቀኑ 10 ደቂቃ እየተዘመሩ በሁለት ወር ለሥራ ማብቃት ይቻላል፣ ክራር ባይኖርም።

ንግግር የጠፋባቸው የስትሮክ ታካሚዎች ላይም ቋንቋው ወሳኝ ነው። ዜማዊ የንግግር ሕክምና የሚሠራው አጭርና በየቀኑ የሚፈለግ ሐረግ በሁለት የድምፅ ከፍታ እየተዘመረ፣ በግራ እጅ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል አንድ ጊዜ እየተመታ ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ሐረግ ወደ አማርኛ መገልበጥ ርዝመቱንም ምቱንም ያበላሻል። «ውሃ ስጪኝ»፣ «ደክሞኛል»፣ «አሞኛል» ከመሳሰሉት ጀምሩ፣ ከንግግር ሕክምና ባለሙያው ጋር ተስማምታችሁ።

የሥነ ምግባር ክሬዲታችሁንም ከዚሁ ጋር አያይዙት። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የታካሚው ልጅ በዕድር ታውቃችኋለች፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «አባዬ እንዴት ነው?» ትላለች። መልሱ አንድ ነው፤ «እሱን በቀጠሮ ሰዓት እንነጋገራለን፣ አንቺ እንዴት ነሽ?»። ስለ ድርብ ግንኙነትና ስለ ታካሚ ምስጢር የሚያስተምር ኮርስ ስትመርጡ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ መሥራትን የሚያነሳ መሆኑን እዩ።

ሱፐርቪዥን

ክሬዲት ከሚያስገኘው ሁሉ ይልቅ ሥራን የሚለውጠው ይህ ነው። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ በወር አንዴ ለ90 ደቂቃ ተገናኙ። አንድ ሰው ብቻ ያቅርብ፤ ፈቃድ የተገኘበት የ5 ደቂቃ ቅጂና አንድ ጥያቄ ይዞ ይምጣ። «ምን ይመስላችኋል?» ጥያቄ አይደለም፤ «በሦስተኛው ደቂቃ ከበሮውን ሳስቀምጥ ምን አመለጠኝ?» ጥያቄ ነው። ቅጂው የታካሚ መረጃ ስለሆነ በግል ስልክ ወይም በቴሌግራም አይላክም፤ መሥሪያ ቤታችሁ በፈቀደው መንገድ ብቻ ታይቶ ይጠፋል።

ወረቀቱ

ቦርዱ ከሚያድሱት መካከል በናሙና መርጦ ማስረጃ ይጠይቃል። የተመረጠ ሰው የሚወድቀው ትምህርት ስለጎደለው ሳይሆን ወረቀት ስለጎደለው ሊሆን ይችላል። ሰርተፊኬቱን በተቀበላችሁበት ዕለት አምስት ነገር ፈልጉበት፦ ስማችሁ፣ የትምህርቱ ርዕስ፣ ቀኑ፣ የክሬዲቱ ብዛት፣ የአዘጋጁ ስምና የፈቃድ መለያ። አንዱ ከጎደለ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዘጋጁ ድርጅት ላይኖር ይችላል። ፋይሉን «ዓመት-ወር-ርዕስ-ክሬዲት» ብላችሁ ሰይሙና በሁለት ቦታ አስቀምጡ። በአንድ ሠንጠረዥ ድምሩን ያዙ፣ ሥነ ምግባሩን በተለየ ዓምድ።

ለኢትዮጵያዊ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ስም። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ገብቶ፣ ዲፕሎማው ላይ የአባት ስም ብቻ ሆኖ፣ የቦርዱ መዝገብ ላይ በሌላ የላቲን አጻጻፍ ከተጻፈ፣ ሰርተፊኬቱ የማን እንደሆነ ያጠያይቃል። በቦርዱ መዝገብ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ቅዱና ሁልጊዜ በእሱ ብቻ ተመዝገቡ። ኢሜይላችሁ የመሥሪያ ቤት ከሆነም ወደ ግል ቀይሩት፤ ሥራ ስትለቁ የእድሳት ማሳሰቢያው አብሮ ይቀራል።

በቀጥታ በሚተላለፍ የኦንላይን ትምህርት ዘግይቶ መግባት ወይም ካሜራ ዘግቶ መጥፋት ሙሉውን ክሬዲት ሊያሳጣ ይችላል። ለግማሽ ተሳትፎ ግማሽ ይሰጠኛል ብላችሁ አትጠብቁ።

የምትሠሩበት ግዛት የሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ የጊዜ ሰሌዳ ይጨመራል። ኔቫዳና ሰሜን ዳኮታ በ2011 ቀድመው ሕግ አወጡ፤ ቨርጂኒያ በ2020 ተከተለች፣ ሜሪላንድም ፈቃድ ትጠይቃለች። የግዛቱ ፈቃድና የቦርዱ ማዕርግ የየራሳቸው ማብቂያ ቀን አላቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ከ2018 ጀምሮ ተቀጣሪ ሠራተኛ አሠሪው ያልመለሰለትን የሥልጠና ወጪ ከፌዴራል ግብር መቀነስ አይችልም። ስለዚህ ሥራ ስትዋዋሉ የዓመት የሥልጠና በጀትና የሥልጠና ቀን ከደመወዙ ጋር ተደራደሩ። በግሉ የሚሠራ ግን በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የግብር ቅጽ) ይቀንሰዋል፤ ደረሰኙን ከሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ያኑር።

ዘግይታችሁ ከሆነ

አራተኛው ዓመት አልቆ 40 ክሬዲት ከጎደላችሁ፣ በቅድሚያ የሥነ ምግባሩን 3 አሟሉ፤ የሌላው ብዛት እሱን አይተካም። ቀጥሎ 30 ያህል የሚሸፍን አንድ ጥልቅ ሥልጠና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ፈልጉ፤ 20 አጫጭር ነገር ከማሳደድ ለጊዜም ለሥራም ይሻላል። የቀረውን በአንድ ክልላዊ ኮንፈረንስ ሙሉት። ሰርተፊኬት ዘግይቶ የሚልክ አዘጋጅ አለና ዑደቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ትምህርቱ ያለቀ ይሁን። 70 ወይም 80 ከጎደላችሁ ግን ፈተናውን በቁም ነገር አስቡበት፤ የምዝገባ ቀኑን ዛሬ እዩ፣ የቦርዱን የሙያ ዘርፎች ዝርዝር አውርዱና ደካማ ከሆናችሁበት ክፍል ጥናት ጀምሩ። ዑደቱ ሳይታደስ ካለፈ «ኤምቲ-ቢሲ»ን ከስም ካርድ፣ ከኢሜይል ግርጌና ከድረ ገጽ ላይ ወዲያው ማንሳት ግዴታ ነው፤ ፈቃድ በሚጠየቅበት ግዛት ከሆናችሁ ደግሞ ለአሠሪያችሁም ለግዛቱ ቦርድም በዚያው ሳምንት አሳውቁ።